የኤግበርትን ድንጋይ ባሕር ይሥራው

ኤግበርት ሞቶም ሰው አላሳርፍ አለ። በሕይወት ሳለ ግንበኛ ነበር፤ ደሴታችን ካሪያኩ ላይ ካሉት መቃብሮች የግማሾቹን ድንጋይ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ በግንበኛ ማንኪያ አለስልሶ፣ ስም ቀርጾ ያወጣው እሱ ነው። የሰውን ሁሉ ድንጋይ ሲሠራ ኖሮ የራሱን ሳይሠራ አልጋ ያዘ። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ሚስቱን ቬሪልዳን፣ ታላቅ እህቱን ኢዶራንና ጀልባ ሠሪውን ደንስታንን አስጠራ። ትራሱን ከፍ አስደረገና ኑዛዜውን ተናገረ።

«እኔ ላይ ሲሚንቶ እንዳታሳርፉ» አለ። «ሲሚንቶን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያረጀነው። የእኔን ድንጋይ ባሕር ይሥራው። ደንስታን፣ አንተ ጥሩ እጅ አለህ፤ ክዳንም ወለልም የሌለው ሳጥን ሥራልኝ። አንስ ኮኮ ዳርቻ፣ ውሃው መጥቶ በሚመለስበት ላይ ይቀበርና አሸዋ ይሞላ። አሸዋው ድንጋይ የሆነ ቀን አምጥታችሁ ጫኑብኝ። ያን ቀን ቬሪልዳ ነጻ ናት። የፈለገችውን ታግባ።»

ይህን ብሎ ደንስታንን አየውና ፈገግ አለ። ደንስታን ቬሪልዳን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እንደሚወዳት፣ በእሷም ምክንያት ሌላ ሴት እንዳላገባ ደሴቱ በሙሉ ያውቃል። ኤግበርትም ያውቃል። እንግዲህ ተመልከቱልኝ፤ ሰውዬው ነፍሱ እየወጣች እንኳ የሚስቱን በር የሚዘጋበትን ቁልፍ በተቀናቃኙ እጅ ማሠራቱ ነው። ደንስታን ደግሞ የዋህ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሄደና ጀልባ ከሚሠራበት ነጭ እንጨት ሳጥኑን አሳምሮ ሠራው።

በእኛ ደሴት ሰው ተቀበረ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ድንጋዩ እስኪጫንበት ድረስ እቤቱ ይመላለሳል። በሕልም እየመጣ አንዱን ዓሣ ጥበሱልኝ ይላል፣ ሌላውን ለምን አጥሬን አላደስክም ብሎ ይቆጣል። ፍየል ታርዶ፣ ከበሮ ተመትቶ፣ ሩምና ውሃ መሬት ላይ ፈስሶ ድንጋዩ ሲጫን ነው አርፎ የሚተኛው። ድንጋይ ያልተጫነበት ሰው ሚስት ብታገባ ያቺ ሴት ሁለት ባል አላት ይባላል። የመንደራችን ሰው ሌላውን ኃጢአት ሁሉ እያየ እንዳላየ ያልፋል፤ ይህችን ግን አያልፍም።

ደግሞ አሸዋ ድንጋይ አይሆንም እንዳትሉኝ። ይሆናል። አንስ ኮኮ ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ውሃው መጥቶ አሸዋውን ያርሰዋል፣ ይመለሳል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ውሃው ሲተን በውስጡ የነበረው ኖራ የትም አይሄድም፤ በቅንጣቱና በቅንጣቱ መሃል ይቀራል። ዛሬ ለዓይን የማትታይ ቅንጣት ታህል፣ ነገም እንዲሁ። የዛጎል ስባሪው፣ የኮራል ዱቄቱ፣ የዓሣ አጥንቱ ሁሉ ቀስ እያለ ይያያዝና አንድ ቀን ባዶ እግርህን የሚልጥ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል። የጠርሙስ አንገትና የመርከብ ሚስማር ውስጡ ተነክሶ ያየን ሰዎች ሞልተናል። ኤግበርት ውሸት አልተናገረም። ክፋቱም ያ ነው።

ስድስት ዓመት አለፈ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አሸዋ ግን ያው አሸዋ ነው።

የኑዛዜው ጠባቂ እኔ ነኝ ያለችው ኢዶራ ናት። ኢዶራ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ስትሆን፣ መጠጥ በአፋቸው እንዳይዞር ግማሹን መንደር አስምላለች። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ቤቷ ከቬሪልዳ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም ፌሮ ይዛ አንስ ኮኮ ትወርዳለች። ሳጥኑን ከዳር እስከ ዳር አርባ ጊዜ ያህል ትወጋዋለች። ፌሮው ሽው ብሎ ሲገባ «ገና ነው» ትላለች። ከዚያም አንዱ አውሎ ነፋስ ከሆነ ቤት ገንጥሎ ያመጣው፣ መሃል ሳንቃው የወለቀ የእንጨት በር ከሳጥኑ አጠገብ ተጋድሞላታል፤ እሱ ላይ ዘርፈጥ ብላ እስከ ማታ ትቀመጣለች። ስለ ወንድሟ ነፍስ ስትጾምና ስትጸልይ እንደምትውል ነው ለመንደሩ የነገረችው። በጸሎቷ ሰዓት ሰው እንዳይደርስባትም አዝዛለች፤ ማንም አይደርስባትም።

ቬሪልዳ በመጀመሪያው ዓመት ታገሰች። በሁለተኛው ሳቀች። በሦስተኛው ሕልም ማየት ጀመረች።

«ኤግበርት ትናንት መጣ» አለች አንድ እሑድ ምሳ ላይ። ኢዶራ እሑድ እሑድ የምትበላው ቬሪልዳ ቤት ነው። «‹በቃኝ፣ የሲሚንቶም ቢሆን ጫኑብኝ› አለኝ።»

ኢዶራ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሊነጋ ሲል።»

«እኔ ጋ ከነጋ በኋላ መጣ። ‹ቬሪልዳን አትስሚያት› አለኝ።»

«ከነጋ በኋላ ተኝተሽ ነበር?»

«እሱ ሊመጣ ስለሆነ እንቅልፍ ጣለኝ።»

ነገሩ ፓፓ ሲልበርት ዘንድ ደረሰ። ፓፓ ሲልበርት ዘጠና ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በየድግሱ ለሙታን ሩሙን የሚያፈሰው ሽማግሌ ነው። ሁለቱንም ሕልም ዓይኑን ጨፍኖ ካዳመጠ በኋላ አንዱ ሕልም ሌላውን ስለበላው ሁለቱም አይቆጠሩም ብሎ ፈረደ። ቬሪልዳ እየተነጫነጨች ወደ ቤቷ ሄደች።

በስድስተኛው ዓመት ደንስታን መጣና በረንዳዋ ላይ ቆመ። ቆብ በእጁ ሲሆን ነገር አለ ማለት ነው።

«ቬሪልዳ፣ ወንድሜ ከትሪኒዳድ ልኮብኛል። መርከብ ማደሻው ሰው ቸግሮታል። ከዓመቱ የጀልባ ውድድር በኋላ ልሄድ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ለስንት ጊዜ ይባላል?» ደንስታን መሬት መሬት አየ። «እዚህ ሆኜ አሸዋ ስጠብቅ ኖርኩ። በአጥር በኩል ደህና አደርሽ እያልኩሽ መሞት አልፈልግም። አልችልም።»

ቬሪልዳም ልጅ አይደለችም። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኤግበርትን አልጠላችውም፤ ሲኖር አሳቂ ነበር፣ ግን በሳቁ መሃል ሁልጊዜ አንድ የሚቆረቁር ነገር ነበረው። ደንስታን ግን ሲመጣ ቤቱ ይሰፋታል። ይህ ሰው ሄዶ ከኢዶራ ጋር አጥር ለአጥር ስታረጅ ታያት።

«ውድድሩ ሁለት ወር አለው» አለችው። «ቆይ እስቲ።»

ደንስታን ቆየ፤ ግን ዝም ብሎ አልቆየም። እሑድ ቀትር ላይ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በትከሻው አድርጎ አንስ ኮኮ ወረደ። የሳጥኑን አሸዋ ከሲሚንቶው ጋር አቡክቶ መልሶ ሞላው። ለቬሪልዳ አልነገራትም፤ ብትጠየቅ እውነቷን አላውቅም እንድትል ነው። የዋህ ብዬ የለም?

ቅዳሜ ኢዶራ ፌሮዋን ሰደደች፤ ፌሮው ቃ ብሎ ተመለሰ። ጩኸቷ ሦስት ኮረብታ ተሻግሮ ተሰማ። መንደሩ እየሮጠ ወረደ፣ ቬሪልዳም ሽርጧን ሳትፈታ ወረደች። ከሳጥኑ ውስጥ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ድንጋይ ተጋድሟል። ፓፓ ሲልበርት በሰው ተደግፎ ተንበረከከና በመዳፉ ዳበሰው። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አየ።

«ድንቅ ነው» አለ። «ባሕሩ ላዩን አለስልሶታል። ማዕዘኖቹንም አሳምሮ ከርክሟል። ከመቼ ጀምሮ ነው ባሕር የግንበኛ ማንኪያ የያዘው?»

ሁሉም ወደ ደንስታን ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ የሠራ ሰው ሸካራ ነገር ትቶ መሄድ አይሆንለትም፤ ሲሚንቶውን ሲያቦካ ልክ ነበር፣ ለስልሶ ካላየሁት ሲል ተያዘ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሰው በሳቅ አሸዋው ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመንገዱ «ደህና ዋልክ፣ አቶ ባሕር» ይሉት ጀመር።

ኢዶራ አልሳቀችም። ሲሚንቶው ተሰብሮ ወጣ፣ ሳጥኑ አዲስ አሸዋ ተሞላ። «እንደገና ከአንድ» አለች፤ ፌሮዋን ተደግፋ ቬሪልዳን እያየች።

«እኔ አላዘዝኩትም» አለች ቬሪልዳ።

«አውቃለሁ። አንቺ ብትሆኚ ሸካራ አድርገሽ ትተይው ነበር።»

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማዕበል መጣ። አውሎ ነፋሱ ራሱ በሩቅ ነው ያለፈው፤ ውሃው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዳርቻውን ሲገርፈው ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቬሪልዳ ሳጥኑን ለማየት ወረደች። ሳጥን የለም። አሸዋው እስከ ጉልበት ድረስ ተጠርጎ ሄዷል፤ የኢዶራ በር ዛፎቹ ስር ተገልብጦ ወድቋል። አለቀ አለች በልቧ። አዲስ ሳጥን፣ አዲስ አሸዋ፣ አዲስ ስድስት ዓመት። መቀመጥ አማራትና ፈቀቅ ብላ በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠች።

አልሰረጎደም።

በእጇ መታችው። ቋ አለ። ተነስታ ዙሪያውን አየችው። በሩ የተጋደመበትን ያህል ስፋት ያለው፣ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ቢጫ ድንጋይ ነው፤ ዳር ዳሩ የተሸረፈ፣ ጀርባው ሸካራ። የዛጎሉ ስባሪ፣ የኮራሉ ፍርፋሪ ለየብቻው ይታያል፣ በጥፍሯ ብትፍቀው ግን አንዱም አይለቅም። የበሩ ሳንቃ ወልቆ በነበረበት መስመር ደግሞ ድንጋዩ በሌላ ነገር ተሞልቷል። የሸርጣን ቅርፊት። የቢራ ቆርኪ፣ አንዱ ሌላው ላይ ተደራርቦ። መሃል ላይ፣ ከነሮዝ ድዱ፣ ስድስት ጥርስ ፈገግ ብሎባታል።

ቬሪልዳ አፏን በእጇ ጫነች። ኢዶራ ሰው ሠራሽ የላይ ጥርሷን ያጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ስዋኝ ማዕበል ወሰደብኝ ብላ ለማኅበሩ ሴቶች አስለቅሳ ነግራለች። ከዚያ ወዲህ አላስተከለችም፤ ሾርባና ገንፎ ነው የምትበላው።

ቬሪልዳ ደንስታንን ጠርታ አመጣችው። ደንስታን መጀመሪያ ጥርሱን አየና ውሃው ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ከሳቁ ሲነቃ ግን ድንጋዩን በጣቱ ጎን ቆረቆረው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ቬሪልዳ፣ ይሄ ሲሚንቶ አይደለም። ይሄ የራሱ የባሕሩ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ጠንክሮ እዚያ ሳጥኑ ውስጥ ለምን እምቢ አለ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ያለውማ ሊይዝ ሲል በየሳምንቱ በፌሮ ይበጠሳል። ማያያዣው መጀመሪያ ላይ ከክር ይቀጥናል፤ ስትወጊው ይለቅና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በሩ ስር ያለውን ማን ነካው? ማዕበል እንዳይወስደው በሩ ከላይ ይዞታል፣ ውሃው ግን ይገባል ይወጣል። ከበሩ በላይ ደግሞ እትዬ ኢዶራ…» እጆቹን ዘርግቶ ስፋቷን አሳየ። «ጠቅጥቃዋለች። በደንብ አድርጋ ነው የጠቀጠቀችው።»

ቬሪልዳ አብራው ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። ኤግበርት ግንበኛ ነበር። ገና ያልያዘ ነገር ሲነቃነቅ እንደማይዝ ከማንም በላይ ያውቃል። እህቱን ፌሮ ያስያዛት ማነው?

በቀጥታ ወደ ኢዶራ ቤት ሄደች። ኢዶራ በረንዳዋ ላይ የእርግብ አተር ትፈለፍላለች።

«ድንጋዩ ተገኝቷል» አለቻት ቬሪልዳ። «አንቺ የምትቀመጪበት ስር። ጥርስሽም አለበት።»

የኢዶራ እጅ አተሩ ላይ ቀረ። «የእኔን ማዕበል ወስዶታል።»

«አዎ፣ ወስዶ አስቀመጠልሽ። ከአስራ አንድ ቆርኪ ጋር።»

«ጥርስ ሁሉ ይመሳሰላል። ቆርኪውንም ዓሣ አጥማጆች ናቸው የሚጥሉት።»

«ኢዶራ፣ ውጊ ያለሽ ኤግበርት ነው?»

ኢዶራ አተሯን መፈልፈል ቀጠለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፍሬ ሳህኑ ውስጥ ጣለች። «ኑዛዜው ሳጥን ይላል» አለች በመጨረሻ። «ያንቺ ድንጋይ ከሳጥን አልወጣም። አይቆጠርም።»

ቬሪልዳ ተናደደች። የዚህችን ሴት ምስጢር መንደር ለመንደር ብትዘራው ትችላለች። ግን ምን ዋጋ አለው? ሰብሳቢዋ ቢራ ትጠጣለች ቢባል ማን ያምናል፤ ምቀኛ ትባላለች፣ ኢዶራ አንድ ጊዜ አይደለም ብትል አለቀ። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረገች፤ ሳትጠይቅ ፍየል አሳረደች። ከበሮ መቺዎቹን ጠራች፣ በቆሎውን አስፈጨች፣ ድንጋዩን ስድስት ሰው አስይዛ ወደ ቤቷ አስገባችና እንደ ደንቡ ነጭ አንሶላ አልብሳ አልጋ ላይ አስተኛችው። መንደሩ ተቀብሎት ድንጋዩ ከተጫነ ተገላገለች። ቢመልሰው ፍየሉም ደንስታንም ሄዱ።

ድግሱ የዋለው ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ጠዋት ላይ ድንጋዩን ከነአንሶላው ወደ መቃብሩ አወጡት። ፓፓ ሲልበርት አንሶላውን ሲገልጠው ከኋላ አንዱ ፈገግ ያለውን ጥርስ አይቶ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጫጫታው ተነሳ።

«አቶ ባሕር ደግሞ መጣ እንዴ!»

«ዘንድሮስ ተምሯል። ሸካራ አድርጎ ትቶታል።»

«ጥርሱን ከየት ነው ያመጣኸው፣ ደንስታን? የአያትህ ነው?»

«በእናቴ እምላለሁ አልነካሁትም» አለ ደንስታን። ይባስ ሳቁ። አንድ ጊዜ ያታለለ ሰው ሁለተኛ እውነት ሲናገር እንዲህ ነው የሚሆነው።

ፓፓ ሲልበርት በትሩን መሬት ላይ መታ። «ዝም በሉ። ድንጋዩን አይቻለሁ፤ የባሕር ይመስላል። ግን ያለፈውም ከሩቅ ሲያዩት ይመስል ነበር። እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ነው። ይህ ጥርስ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ወጥቶ እዚያ ቦታ፣ በዚህ ጊዜ ጠፍቶብኛል ካለ ድንጋዩን የሠራው ጊዜና ውሃ ነው፣ ይጫናል። ባለቤት ከሌለው ወደ ባሕሩ ይመለስ። የማን ነው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ኢዶራ ከማኅበሯ ሴቶች መሃል ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች። ቬሪልዳ አየቻት። ጣቷን አልቀሰረችባትም። ጎንበስ ብላ አንሶላውን አነሳችና ድንጋዩን ከእግሩ በኩል መልሳ መሸፈን ጀመረች። እንባ አልነበራትም። ደንስታን ቆቡን አውልቆ ወደ ባሕሩ ዞረ።

«ተይው» አለ አንድ ድምፅ። «አትሸፍኚው።»

ኢዶራ ነበረች። ሴቶቹን በክንዷ እየከፈለች ወጣችና ድንጋዩ አጠገብ ቆመች።

«ጥርሱ የእኔ ነው። ሸርጣን ስሰብር ወደቀ፣ በሳንቃው ቀዳዳ ገባ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የዝናቡ ወር ሳይገባ።»

«ሸርጣን?» አለች ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ። «ቅዳሜ? በጾሙ?»

«በጾሙ።»

«ቆርኪውስ?»

«ቆርኪውም የእኔ ነው። ላይ ላዩን የሚታየው አስራ አንድ ነው፤ ውስጡ ያለውን አትጠይቁኝ።»

አሁን ሳቁ ሌላ ዓይነት ሆነ። በኢዶራ ፊት የማሉ ሰካራሞች ሁሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷ ግን በሳቁ መሃል ቆማ ጠበቀች፤ ሲያልቅ ቀጠለች።

«አልጨረስኩም። ሳጥኑን የምወጋው ለመፈተሽ አልነበረም። ኤግበርት ነው ያዘዘኝ። ‹ሊይዝ ሲል አነቃንቂው፣ ሁለት ዓመት ብቻ፤ ትንሽ ትጠብቀኝ› አለኝ። ሁለት ዓመት ነው ያለኝ።» ትንፋሽ ወሰደች። «የቀሩት አራቱ የእሱ አይደሉም። የእኔ ናቸው። ቬሪልዳ ካገባች ከአጥሩ ወዲያ የሚጠራኝ ሰው አይኖርም ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ነው።»

የሳቀ የለም። ፓፓ ሲልበርት ሩሙን አፈሰሰ፣ ውሃውን አፈሰሰ።

«ድንጋዩ የባሕር ነው» አለ። «ጫኑት። ቬሪልዳ ነጻ ናት።»

ስድስቱ ሰዎች ሊጭኑት ዝቅ አደረጉት፤ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ። ከደንባችን አንዱ፣ ድንጋዩ መሬት ሳይነካ በሟቹ ላይ ቂም ያለው ሰው ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ አይፈቀድም። ቬሪልዳ ጎንበስ አለች።

«ሁለት ዓመት ጠብቂኝ ብትለኝ እጠብቅህ ነበር፣ አንተ ሞኝ» አለችው። «መጠየቅ ነበረብህ።»

ደንስታን መጥቶ አጠገቧ ቆመ፣ እጇንም በሰው ፊት ያዘ። ድንጋዩ ተጫነ፣ ከበሮው ተመታ። ለትሪኒዳድ የታሰረውን ሻንጣ የሚፈታው ሰው እንዳለ ሁሉም ስለገባው ማንም አልጠየቀም።

ኢዶራ ግን ወደ መቃብር ቦታው መውጫ እየሄደች ነበር። የማኅበሩ ሴቶች ፊታቸውን አዙረውባታል፤ ለብቻዋ፣ ቀስ እያለች ነው የምትሄደው። ቬሪልዳ አየቻትና የደንስታንን እጅ ለቀቀች። አራቱ ዓመት ደረቷ ውስጥ ይነድዳል። ተከትላ ደርሳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አራት ዓመት ነው የበላሽብኝ። ይቅር ብያለሁ አልልሽም፣ ውሸት ይሆናል። ተናድጃለሁ። ገና ብዙ እናደዳለሁ።»

«ይገባሻል።»

«ወዴት ነው የምትሄጂው ታዲያ? ሥጋው ጠንካራ ነው፣ ለድድሽ አይሆንም። ጉበቱን ቀቅዬ ክዳን ያለው ድስት ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ።»

ኢዶራ ከመሬት ዓይኗን አነሳች። «መቼ ነው ያስቀመጥሽው?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት እኮ ገና ምንም አልተናገርኩም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ቬሪልዳ። «ነይ ሳይቀዘቅዝ።»